ሁለት ጊዜ የነጋ ኅዳር ዐሥራ ሦስት

ጳጉሜ 5 ቀን 1975፣ ጧት

በርሚል እያጠብሁ ነው። ሦስቱን ጨርሻለሁ። አራተኛው ሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል፤ ክንዴ እስከ ብብቴ ገብቶ እንኳ በደንብ አይደርስም። ደብተሬ፣ እጄ ርጥብ ነው፣ ወረቀትሽ ቢጨማደድ አትቀየሚኝ።

ሠራተኛው ሳይነጋ ተሰልፏል። ጀሪካን፣ ጣሳ፣ ቅል የያዘም አለ። አንድ በአንድ እቀዳላቸዋለሁ፤ እነሱም አንድ በአንድ ዛሬ ስንት ነው ይሉኛል። ውኃም ቀንም የሚቀዳው ከእኔ ዘንድ ነው። እዚህ ደወል አይሰማም። ቤተ ክርስቲያኑ ኮኪት ነው፤ ኮኪት ደግሞ በዚህ ዋልካ ጭቃ ማን ይደርሳል። ክረምቱ መንገዱን ከዘጋ ወዲህ መኪና አላየንም። የፎርማናችን የጓድ ዘለቀ ሬዲዮ ድንጋዩ አልቋል። በዚህ የመንግሥት እርሻ ካምፕ ቀኑን የምታውቅ አንቺ ብቻ ነሽ። እሱ ራሱ ለሪፖርቱ የሚጽፈውን ቀን ከእኔ ነው የሚጠይቀው።

ትንሽ ኩሪ። እኔም ኮርቻለሁ፣ እግ/ር ይቅር ይበለኝ። በአርባ ዓመቴ መሠረተ ትምህርት ገብቼ አንደኛ ወጥቼ ነው የተሸለምሁሽ።

እግ/ር ብዬ የማሳጥረው እርሳሴ ጉማጅ ስለሆነች ነው። እሱ ስሙን በሙሉ ካልጠሩልኝ ብሎ የሚያኮርፍ አይደለም።

አስማረ ትራክተሩን አስነሥቷል። ባሌ ነው፣ የሳንጃ ልጅ። እሱ ከወንዝ በቦቴ ያመጣል፣ እኔ አድላለሁ። ትዳራችንም እንደዚያው ነው፤ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ እናገራለሁ።

ነገ እንቁጣጣሽ። ዓመቱ በሰላም አለቀ፣ ተመስገን።


መስከረም 2 ቀን 1976

የአብዮት በዓል። ጓድ ዘለቀ ጧት ወረፋው ዘንድ መጥቶ ቀኑን ከእኔ አረጋገጠና ሠራተኛውን አሰለፈ። ቀይ ጨርቅ በዶማ እጀታ ላይ። መፈክር። ግራ እጅ ወደ ላይ ሲባል አያ ምሕረቴ ቀኛቸውን አነሡ። ጓድ ዘለቀ ቢቆጣቸው፣ በግራ እጅ ሲማማሉ አይቼ አላውቅም አሉት። ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት።

አያ ምሕረቴ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ሠራተኛ ናቸው። የወሩን በዓላት ከልደታ እስከ በዓለ ወልድ በቃላቸው ይወጡታል፤ ቀኑን ግን እኔን ይጠይቃሉ። አንቺ ቁጠሪ እኔ ላክብር ይሉኛል።

ጓድ ዘለቀ በስብሰባ ላይ እግዚአብሔር የለም ይላል። ስብሰባው ሲበተን ወደ በርሚሉ ጠጋ ብሎ፣ ወይዘሮ የሺ ዛሬ ጾም ነው እንዴ ይለኛል። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ አንቺ ላይ ስጽፍ ግን አንተ ነው።

ዛሬ ውኃ ስቀዳ ይኸው ነገር መጣብኝ። አንድ ፎርማን እርስዎ ይባላል። ሰማይና ምድርን የፈጠረውን አንተ እንለዋለን። አስማረንም አንተ ነው የምለው። አብሮኝ የሚበላውን፣ ሳኩርፍ የሚያውቀውን፣ እንቅልፌን የሚያየውን። እግ/ርንም አብሮን ስለሚኖር ይሆናል እንዲህ የምንጠራው። ደስ አለኝ። ጣሳው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ስለዚሁ አስቤ ከወረፋው ቁጣ ሰማሁ።

አስማረን ብርድ ብርድ ይለዋል። ወባ ይሆናል። ኪኒን ዋጠ።


መስከረም 16

ደመራ። እንጨቱ ርጥብ ነው፣ ብዙ አጨሰ፣ ግን በራ።

ከወሎ አዲስ ሠራተኞች ለሰሊጡ አጨዳ በእግራቸው ገቡ። ደመራውን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ደመራ ነገ አይደለም ወይ አሉ። በነሱ ቁጥር ዛሬ ዐሥራ አምስት ነው። ካምፑ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ መንገድ እንኳን ቀን ሌላም ያስጥላል ተባሉ። አንደኛው፣ ብርሃኑ የሚባል ጎልማሳ፣ እምቢ ብሎ ተከራከረ። አንቺን አወጣሁበት። ገጽ በገጽ ገለጥሁለት፤ ሁሉም ቀን ተጽፏል። ፊደል አይቆጥርም፤ ቢሆንም ጽሑፉን ረጅም ጊዜ አየና አንገቱን ሰበረ። "በጽሑፍ ያለ ነገር ነው። ይቅርታ ያርጉልኝ እትየ" አለኝ። የወሎ ሰዎች በሙሉ የራሳቸውን ቀን ትተው የእኛን ያዙ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጮቤ ረግጫለሁ።

አስማረ እኔን ተደግፎ ቆሞ እሳቱን አየ። ኪኒኑ አልያዘለትም። ሆዱ ጠንከር ብሏል፣ በግራ በኩል።


መስከረም 24

አስማረን ወሰዱት።

ትኩሳቱ አልለቀውም። ፊቱ ጠቁሯል፣ እግሩ ቀጥኗል፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል። ጓድ ዘለቀ አይቶት ይኸ ካላዛር ነው፣ መርፌ ካልተወጋ አይተርፍም አለ። ሹመት ሳያገኝ በፊት ሹፌር ነበረ። ራሱ ትራክተሩን ይዞ፣ አስማረን በተሳቢው ላይ አስተኝቶ፣ በዚያ ጭቃ እስከ ወንዙ መሻገሪያ አደረሰው። እዚያ ወደ መተማ የሚሄድ የሌላ እርሻ ትራክተር አግኝቶ አሳፈረውና ተመለሰ። ከመተማ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይልኩታል።

እኔ ቀረሁ። ልሂድ ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር። አስማረ ከተሳቢው ላይ ሆኖ፣ "ውኃውን አትተዪ" አለኝ። እኔ ብሄድ ሠራተኛው የወንዙን ውኃ እንዳለ ይጠጣል፣ ሳይጠል ሳይጣራ። ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ትራክተሩ እስኪሰወር ቆሜ አልቅሻለሁ።

ተሳልሁ። በአንቺ ላይ ይመዝገብ። ቅ/ሚካኤል ከጌታህ ዘንድ ቁምልኝ። እስከ ኅዳር ሚካኤል አስማረን በእግሩ ካመጣህልኝ፣ ላለው ሠራተኛ ሁሉ ዳቦ ደፍቼ ጠላ ጠምቄ ጠበል ጸዲቅ አበላለሁ። በዚያን ቀን በርሚል አልነካም። ነጭ ለብሼ በዓልህን እይዛለሁ።


ጥቅምት 8

ውኃውን የሚያመጣው ጓድ ዘለቀ ነው፤ ሌላ የሚነዳ የለም። ጧት ወደ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ማሳ፣ ከዚያ ስብሰባ። እግዚአብሔር የለም የሚለው አሁን ድምፁ ደክሞት ነው። ዛሬ ቦቴውን እየገለበጠ ስለ አስማረ ጠየቀኝ። ምን አውቄ ልንገረው።

አስማረ ስለሌለ ከእግ/ር ጋር ነው የማወራው። በርሚል ሳጥብ፣ ውኃ በጨርቅ ሳጣራ። ውኃው ደፈረሰ እለዋለሁ። ወገቤን እለዋለሁ። ያ የወሎ ሰው ሁለቴ ተሰለፈ፣ አየኸው አይደል እለዋለሁ። አይመልስልኝም። ግን ከአስማረ ጋር ስኖር ዝምታ ለምጃለሁ። አስማረ ዝም ሲል ከጎኔ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጀርባዬን ብሰጠው እንኳ አውቃለሁ። ይኸኛውም እንደዚያው ሆነብኝ። ደብተሬ፣ ይህን ለማንም አትናገሪ፣ ዛሬ ከበርሚሉ ጀርባ ሆኜ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነው።

ጧት ከሁለተኛው በርሚል ሥር እባብ ወጣ። ሁልጊዜ የምጀምረው ከሁለተኛው ነበር። ዛሬ ሳላስበው ከአራተኛው ጀመርሁ። ተመስገን።


ጥቅምት 27

መድኃኔ ዓለም። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል። ነዶውን እርስ በርሱ እያደጋገፉ የሚያቆሙበትን ክምር እዚህ ሂላ ይሉታል፤ ማሳው ሁሉ ሂላ ነው። ሲደርቅ በሸራ ላይ እየገለበጡ ያራግፉታል። ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል፣ የዓመት ድካም ለወፍ።

ስለዚህ ጓድ ዘለቀ ዛሬ በዓል የለም፣ ሥራ ነው ብሎ መጣ። አያ ምሕረቴ ወደ እኔ ጠቆሙ። ደብተሯ ሃያ ሰባት ብላለች አሉ። ጓድ ዘለቀ አንቺን በቁጣ አየሽ። ይቺ ደብተር ከመንግሥት በላይ ሆነች አለ። ቢሆንም ሄደ። እሱም ዋለ ቤቱ።

ከአስማረ ወሬ የለም። ወሩ አለፈ። መንገዱ እየደረቀ ነው ይባላል፤ የጭነት መኪና ሰሊጡን ሊወስድ መምጣቱ አይቀርም። ጆሮዬ ወደዚያ ነው።

ዛሬ እግ/ርን ተቆጣሁት። በዓልህን አስከበርሁልህ፣ አንተ ግን አንድ ቃል አትልክልኝም አልሁት። ወዲያው አፈርሁ። ከሰዓት ደመና ሸፈነን፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ በርሚሎቹ ሳይሞቁ ዋሉ። ይህም አንድ ነገር ነው ብዬ ተቀበልሁ።


ኅዳር 6

ከገለጉ አህያ እየነዳ የሚያልፍ ነጋዴ ውኃ ለመነኝ። ሰጠሁት። ከየት ነህ፣ ምን ሰማህ አልሁት። ጎንደር ሆስፒታል የቆላ ትራክተር ነጂ ሞተ ይባላል አለኝ። ስሙን አያውቅም። ጠጥቶ፣ መርቆኝ ሄደ። ሌላ አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ምንም አልጽፍም።


ኅዳር 8

ሁለት ቀን ከእሱ ጋር አልተነጋገርሁም። ስሙን በአጭሩም አልጻፍሁም። በርሚል አጠብሁ፣ ውኃ አደልሁ፣ ስንት ነው ሲሉኝ ቀኑን ነገርኋቸው።

ትናንት አያ ምሕረቴ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ቀሩ። ራኩባው ሥር፣ ከሣር ጥላው ውስጥ፣ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እታለም፣ ነጋዴው ስም አልጠራም። ስም ሳይጠሩልሽ ሐዘን አትቀመጭ" አሉኝ። ስለቱስ አልኋቸው። ስለቱ አስማረ ከመጣ ነው፤ ካልመጣ ምን ይሆናል።

"አስቀድመሽ ክፈይው" አሉ። "ቀድሞ የገባ ስለት ማንን አስቀይሞ ያውቃል።"

ዱቄት የለኝም አልሁ። ተነሡ። ዛሬ ጧት ወረፋው ሲመጣ እያንዳንዱ ከጀሪካኑ ጋር አንድ ነገር ይዞ ነበር። አንዱ ማሽላ በኩባያ። አንዱ ዱቄት በጨርቅ ቋጥሮ። ብርሃኑ ከወሎ ይዞት የመጣውን ጌሾ። ይህ ሁሉ ሰው ከሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ነው። ውኃውን ስቀዳ እንባዬ እየወረደ አስቸገረኝ፤ እነሱም ወደ ሌላ እያዩ አላየንም አሉ።

እሺ። እከፍላለሁ። ቢኖርም ባይኖርም።

እግ/ር፣ ታርቀናል።


ኅዳር 12፣ ማታ

ኅዳር ሚካኤል። ነጭ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ከትናንት ጀምሮ ውኃ ቀድቼ በየጀሪካኑ ሞልቼ አስቀምጫለሁ፤ ዛሬ በርሚል አልነካሁም። ዳቦው ተቆረሰ። ጠላው ትንሽ ጎምዝዟል፣ ማንም አላማረረም። አያ ምሕረቴ መረቁኝ። አስማረን በእግሩ ያምጣልሽ ሲሉ ሁሉም አሜን አለ፤ ከማዶ የቆመው ጓድ ዘለቀም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥሁ። ዛሬ ይመጣል አልሁ። ዛሬ ካልመጣ መቼ። በዓሉ ነው፣ ቤቱ ተጠርጓል፣ ሰው ሁሉ በልቷል። ጥላው ረዘመ። አቧራ አየሁ፣ የከብት ነው።

ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ገባች። ማንም አልመጣም።

ቅ/ሚካኤል፣ በዓልህ ነበር፣ ለምን አልመጣህም?


ኅዳር 13፣ ጧት

በርሚሎቹ አንድ ቀን ሳይነኩ ውለው ዝቃጭ ይዘዋል። ነጩ ቀሚስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የድሮው ቀሚሴ፣ እስከ ብብት ርጥብ። ሠራተኛው ሰሊጥ ሊያራግፍ ወጥቷል፤ የሸራው ድምፅ ከዚህ ይሰማል። ማንንም ማናገር አልፈልግም። ስንት ነው ሲሉኝ ዐሥራ ሦስት አልሁ፣ በአፍንጫዬ።

አራተኛው በርሚል ደግሞ መክፈቻው ተጣብቆ... ቆይ። የመኪና ድምፅ ነው።


ኅዳር 13፣ ከሰዓት

እየቸኮልሁ ነው፣ ጽሑፌን ታገሺኝ።

የጭነት መኪና ነው። ከሹፌሩ ጎን ወረደ። አስማረ። በእግሩ። ቀጥኗል፣ ሱሪውን በገመድ አስሮታል፣ ሆዱ ግን ጎድሏል፣ ዐይኑ ነጭ ነው። እኔ ግማሽ አካሌ በርሚል ውስጥ ነበር። ወጥቼ ስቆም ከክንዴ አረንጓዴ ዝቃጭ ይንጠባጠባል። አቅፌው ሸሚዙን አበላሸሁት። "ውኃውን አልተውሽም" አለኝ። አልተውሁም አልሁት።

የሞተው ሌላ ነው። ከአጠገቡ አልጋ የነበረ፣ የቋራ ትራክተር ነጂ። ዐይኑን የከደነለት አስማረ ነው። ነፍሱን ይማር።

ሹፌሩ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ወደ ማሳው እያየ ጮኸ። "እናንተ ምን ዓይነት ክርስቲያኖች ናችሁ፣ በሚካኤል ቀን ሰሊጥ የምታራግፉ?"

ሚካኤል ትናንት ነበር አልነው።

"ትናንት ዐሥራ አንድ ነበር። ኮኪት ነው ያደርነው። ዋዜማው ሲቆም ሰምተናል። ጧት ታቦቱ ሊወጣ ሲል ነው ጥለነው የመጣነው።"

ሠራተኛው ሸራውን እየተወ ተሰበሰበ። አንቺን ሮጬ አመጣሁ። በጽሑፍ አለ አልሁ፣ እንደዚያን ጊዜው። አስማረ ቀስ ብሎ፣ ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ እንደነበር ተናገረ። ተኝቶ ሲያየው የከረመው እሱን ብቻ ነው። ዛሬ ዐሥራ ሁለት ነው አለ። አስማረ ካልተጠየቀ የማይናገር ሰው ነው፤ ስለዚህ ደነገጥሁ።

አያ ምሕረቴ ናቸው የደረሱበት። "ያለፈው ዓመት የማን ነበር?" አሉ። የሉቃስ አለ አንዱ። በሉቃስ ዘመን ጳጉሜ ስድስት ነች። ይህን የማያውቅ የለም፤ በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ ተረሳ እንጂ። ገጽሽን ገለጥሁ። ጳጉሜ አምስት። ከሥሩ መስከረም አንድ። አንድ ቀን ዘልያለሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት ቀን በሙሉ፣ ያስከበርሁት በዓል በሙሉ፣ ደመራው፣ መድኃኔ ዓለም፣ ቁስቋም፣ ሁሉም አንድ ቀን ቀድሞ ነው። እነዚያን የወሎ ሰዎች ትክክለኛ ቀናቸውን ያስጣልኋቸው እኔ ነኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ብርሃኑ ነው መጀመሪያ የሳቀው። "እትየ፣ እኔ መንገድ ላይ የጣልሁት ቀን አንቱ ዘንድ ተገኘ ማለት ነው?" አለ። ከዚያ ሁሉም። አያ ምሕረቴ ጥርስ ያለቀበት አፋቸውን ይዘው ሳቁ። "ረሳነው አልተባለም፣ ቀደምነው እንጅ" አሉኝ። "እንግዳ በዋዜማው የሚጠብቅ ሰው ተነውሮ ያውቃል?"

ወዲያው ግን ዘወር ብለው ሸራውን ማጠፍ ጀመሩ። ዛሬ ሚካኤል ከሆነ ዛሬ ሥራ የለም። ጓድ ዘለቀ እየሮጠ መጣ። አንድ ሚካኤል በዓመት ሁለት ቀን ሊከበር ነው ወይ፣ ሰሊጡ እየፈሰሰ ነው አለ። አያ ምሕረቴ በትሕትና አዳመጡት። እውነትዎን ነው ጓድ፣ ቀኑን በደንብ እንቁጠረው፣ ከመስከረም እንጀምር፣ ከመስከረም ሁለት አሉት።

የጓድ ዘለቀ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የአብዮቱን በዓል በእንቁጣጣሽ ቀን ነው ያስከበረው። ሪፖርቱንም በዚያው ቀን ጽፏል። ላቡን ጠረገ። የዛሬው ሥራ በቃ አለ። ማንም አልሳቀበትም።

ቆይቶ ወደ በርሚሉ መጣ። ያቺን የመስከረም ሁለትን ገጽ አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ልትቀደድለት ይፈልጋል። ደብተሬን ባሌም አያነባት አልሁት። ጫማው ላይ የዚያ ሁሉ ወር የወንዝ ጭቃ ደርቋል። አስማረን በተሳቢ ጭኖ ያወጣው፣ ሳይታዘዝ ውኃ ሲያመላልስ የከረመው እሱ ነው። ጣሳውን ሞላሁና ሰጠሁት። "ጠጣ እንግዲህ፣ አንተ" አልሁት ፊት ለፊት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። አልተቀየመም። ጠጣና፣ እግዜር ይስጥሽ አለኝ።

ደብተሬ፣ አሁን ብቻችንን ነን። አስማረ ተኝቷል። ነጭ ለብሼ መንገድ ሳይ የዋልሁበት ቀን የሚካኤል አልነበረም። በራሱ ቀን ነው የመጣው፤ እኔ ተኮሳትሬ፣ ዝቃጭ ለብሼ፣ ዐሥራ ሦስት ነው እያልሁ። ስለቱ ደግሞ ቀድሞ ገብቷል። ለምን አልመጣህም ብዬ የጻፍሁበትን መስመር አየሁት። አስማረና ሹፌሩ ያን ጊዜ ወደ ኮኪት እየገቡ ኖሯል። በመንገድ ላይ ነበሩ።


ኅዳር 13

አዎ፣ እንደገና። ስህተት አይደለም፣ ይኸኛው እውነተኛው ነው።

ጧት ወረፋው ስንት ነው አለኝ። ሆን ብለው ነው፣ ሁሉም ያውቃሉ። ዐሥራ ሦስት አልሁ። ትናንትም ዐሥራ ሦስት ነበር አሉኝ። ታዲያ ምን ታደርጉኛላችሁ፣ ጠጡና ሂዱ አልሁ። ጣሳ እያንኳኩ ሳቁብኝ። ትናንት ጧት በአፍንጫዬ የመለስሁላቸውን ቀን ዛሬ በጥርሴ መለስሁላቸው። እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት ሰው ይገጥመዋል።

አስማረ ገና ትራክተር አይነዳም። ራኩባው ሥር ተቀምጦ ያየኛል። አንድም ቃል አልተናገረም ከነጋ። ውኃ እያጣራሁ ስለ ሁሉም ነገርሁት፤ ስለ እባቡ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ጓድ ዘለቀ። እሱ በሌለበት ከማን ጋር ሳወራ እንደከረምሁም ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። እኔም እዚያ ከእሱው ጋር ነበርሁ አለኝ።

አሁን ቀኖቹን ላርም ብዬ እርሳሴን ቀረጽሁ። ከመስከረም አንድ ጀምሬ አንድ አንድ ቀን ልቀንስ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ ቆየሁና ተውሁት። እባቡን ያየሁት በተሳሳተ ቀን ነው። ደመናው የመጣው በተሳሳተ ቀን ነው። ሰዎቹ ዱቄታቸውን በጨርቅ ቋጥረው ያመጡት በተሳሳተ ቀን ነው። ያኮረፍሁትም፣ የታረቅሁትም። በአንዱም ቀን ጥሎኝ አልሄደም፤ ቀኑን ያላወቅሁት እኔ እንጂ። እንዳለ ይቀመጥ። አልሰርዝም።

እርሳሷ ጥፍሬን አክላለች። በቀረችው አንድ ነገር ብቻ፣ ሳላሳጥር፦

እግዚአብሔር ይመስገን።

አስማረ ውኃ ይለኛል፣ መጣሁ፣ ከየትኛው በርሚል ል